የደረሰ ሽንኩርት ውሃ አይጠጣም

ጋሽ ሙሀባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀናዛ ሲያጥቡ ሥራቸውን ጀምረው ያቋረጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያም ቀን በየካቲት ወር የዋለ ዓርብ ነበር። ከለቅሶ ቤት ወጥተው፣ የሱሪያቸው ጉልበት እርጥብ እንደሆነ፣ ባጃጅ ይዘው ሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም።

«ሰው ይረግመኛል» አሉ፣ ወንበር እንኳ ሳይስቡ። «ጀናዛ ማቆየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ከጁምዓ በፊት ሊቀብሩት ነው የጠሩኝ። እኔ ግን አላህን ፈራሁ።»

ኢንስፔክተር አስፋው ብዕሩን አስቀመጠ። አስፋው የደብረ ሲና ልጅ ነው። በዚህ ቆላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ከሙቀቱ ጋር አንድ ቀን ታርቆ አያውቅም፤ ከጠዋቱ ጀምሮ መሐረቡን አንገቱ ላይ ነው የሚያውለው።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ቃሲም። የመስኖው ዳር ቃሲም። ቦዩ ውስጥ ወድቆ ሞተ አሉኝ። ሊሆን ይችላል፤ ማጅራቱ ላይ ቁስል አለ። ግን ቀኝ እጁ ጭብጥ እንዳለ ቀርቷል። ጣቶቹን በለብ ያለ ውሃ እያላላሁ ስከፍት ይኼ ወደቀ።»

ከኪሳቸው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከሉክ ወረቀት ጥግ የተቀደደች ቁራጭ ናት። ላይዋ ላይ አንድ ፊርማ ብቻ አለ፤ ትልቅ ቀለበት፣ ከሥሩ ሁለት ሰረዝ። ስም የለም።

«ደግሞ አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነው፤ በሳሙናም አልለቀቀ» አሉ ጋሽ ሙሀባ። «ቃሲም ማንበብ መጻፍ አያውቅም። ትናንት የሆነ ነገር ላይ አሻራውን አስቀምጧል ማለት ነው። አንድ ሰው ደግሞ ያንን ነገር ከእጁ ነጥቆታል። እንግዲህ እኔ የማውቀው ይኼው ነው።»

አስፋው ቁራጯን ፖስታ ውስጥ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባት። ያቺን መሳቢያ ቀኑን ሙሉ ባለመክፈቱ በኋላ ራሱን ብዙ ወቅሷል። ግን ያኔ ማን ያውቃል?

*

የቃሲም እርሻ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው የሲሚንቶ ቦይ ዳር ነው። ውሃው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ፣ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ፣ ደም ደርቋል። ከዚያ በታች ያለው የሽንኩርት ማሳ ውሃ ተኝቶበታል። አስፋው አንድ እርምጃ ገባና እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ።

«የእግር ዱካ ብሎ ነገር የለም!» አለ በብስጭት። «አይ የኔ ዕድል!»

አብራው የመጣችው ምክትል ሳጅን ሰላማዊት የቀወት ገበሬ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ አንድ ሽንኩርት ነቀለች፤ አንገቱን አገላብጣ አየችው። ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። አለቃዋ ጥያቄ ስለ ጀመረ ግን ሽንኩርቱን ጣል አድርጋ ተወችው።

ሀሩን የሟቹ አንድያ ወንድ ልጅ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ሐጂራ ልትወልድ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ዓይኑ ደም መስሏል፤ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው።

«አባትህን ማን አገኛቸው?»

«እኔ። ዐሥራ ሁለት ተኩል ይሆናል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽንኩርቱን ውሃ እያጠጣሁ ነበር። የዛሬ ጠዋት ተራው የእኔ ነው፤ የውሃ ዳኛውን ይጠይቁ። ከታች ጫፍ ወደ ላይ ስመጣ አባባን እዚህ ወድቆ አገኘሁት። አዳልጦት ነው። እንቅበረው፣ ኢንስፔክተር። በአላህ ይሁንብዎ!»

«ትናንት አሻራቸውን ያኖሩበት ወረቀትስ?»

ሀሩን መሬት መሬት አየ። «የምን ወረቀት?»

አስፋው «የምን ወረቀት» የሚል መልስ በሥራ ዘመኑ ስንቴ እንደ ሰማ ቁጥሩ ጠፍቶታል። አንድም ጊዜ እውነት ሆኖ አያውቅም። የውሃ ዳኛው ግን ተጠርቶ መጣና መሰከረ፤ በእርግጥም ተራው የሀሩን ነበር፣ ውሃውንም ሲነጋ የከፈተው እሱ ነው። አስፋው ይህንን ጽፎ ያዘና አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘ። ግቢው በዋይታ ተናጋ።

*

ቤት ውስጥ የሟቹ ሚስት እማማ ሩቂያ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። አጠገባቸው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ በሌላ ሳህን የተከደነ ቁርስ አለ። አንዲት ጎረቤት ልታነሣው ስትል እጇን ያዟት።

«አላህ ያጽናዎት እማማ» አለ አስፋው ጎንበስ ብሎ። «ጋሽ ቃሲምን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ለሱብሒ ሲወጣ። እኔም ሰግጄ ጋደም አልኩ። የቀሰቀሰኝ የሀሩን ጩኸት ነው።»

«ከሰው ጋር ጠብ ነበራቸው?»

«ቃሲም?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃሲም ከማን ጋር ይጣላል!»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጃቸው ናፊሳ ከካራቆሬ በሚኒባስ ደረሰች። ገና ከበሩ «አባባ! የኔ ጥያቄ ነው የገደለህ!» ብላ ስትጮህ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እማማ ሩቂያ ተነሡና እጇን ጎትተው ከሀሩን አጠገብ አስቀመጧት። የሷን እጅ በሱ ትከሻ ላይ አኖሩ። «ከወንድምሽ ጎን ሁኚ» አሉ። «ከወንድምሽ ጎን ብቻ ሁኚ።»

አስፋው ናፊሳን ከግቢው ውጭ፣ ከማንጎው ሥር ወሰዳት።

«ምን ነበር የጠየቅሻቸው?»

«ድርሻዬን» አለች፣ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች። «አጣዬ ሱቅ ነበረን። በዚያ በሚታወቀው ዓመት ከተማው ሲቃጠል እኛም ባዶ እጃችንን ወጣን። አራት ልጅ ይዘን ካራቆሬ ተከራይተናል። ባለቤቴ ሙዐዊያ እየዞረ ይነግዳል፤ አይሞላልንም። ሁለት ጥማድ ስጠኝ አልኩት አባቴን። ሕጉ ያገባችም ያላገባችም ከወንድሟ እኩል ናት ይላል። ሸሪዓው ግማሹን ይሰጠኛል። አገሬው ደግሞ ‹አግብታ ሄዳለች› ብሎ ይዘጋዋል። እኔ የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ልጆቼ የሚበሉት ይብቀልበት አልኩ።»

«ወንድምሽስ ምን አለ?»

«አምና ተጣልተናል። ‹ሴት ልጅ በባሏ አገር ትረስ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።» ቀና ብላ አየችው። «እሱ ግን አባቱን አይነካም። ክፉ ቃል ይወጣዋል እንጂ ሀሩን አይነካም።»

አስፋው ማስታወሻው ላይ ሀሩን የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

*

ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ሥር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ አቤል፣ ፖሊስ ሲያይ የሚሸማቀቅ ሰው ነው። ለምስክርነት ተጠርቶ ሦስት ቀን የተንገላታበት ጊዜ ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው።

«አቶ ቃሲም ትናንት መጥተው ነበር?»

«መጥተዋል።»

«ምን አስጻፉ?»

«ስጦታ። ቦዩ ዳር ያለችውን ሁለት ጥማድ ለልጃቸው ለናፊሳ። ዛሬ ከጁምዓ በፊት መሬት አስተዳደር ሊያስመዘግቡት ነበር። ራሱ ላይ ቢስሚላህ ጻፍልኝ አሉኝ፤ ጻፍኩ።»

«ምስክሮች?»

«ሁለት። ሁለቱም የመስጊድ ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት አብረዋቸው መጥተው ፈርመዋል። አቶ ቃሲምም አሻራቸውን አኑረው ሄዱ፤ ወረቀቱን ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው ወሰዱ።»

«አመሰግናለሁ» ብሎ አስፋው ተነሣ። አቤልም እፎይ ብሎ ወደ ጽሕፈቱ ተመለሰ። አንዲት ጥያቄ ብትጨመር ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው የሚጠይቀው መልሱን የጠረጠረውን ነገር ነው።

መንገድ ላይ ሰላማዊት ስልኳን ዘግታ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ ሙዐዊያ ለሚስቱ ‹ከካራቆሬ ወጥቼ ኮምቦልቻ ነኝ› ብሏታል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ግን ዛሬ ሊነጋ ሲል እዚህ ሸዋ ሮቢት አይቶታል።»

«እሰይ!» አለ አስፋው። ባል ሚስቱን ለምን ይዋሻል? አማቱ ወረቀቱን ሊሰጡ ሲሉ ቸኩሎ ይሆን? ወይስ መሬቱ በሷ ስም ብቻ መጻፉ አንገብግቦት ይሆን? አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያውጠነጥን ቆየ።

ሙዐዊያን ያገኙት ሽንኩርት መጫኛው ሜዳ ነው። ያ የአጣዬ ነጋዴ፣ ጆንያ ራሱ ላይ አስሮ፣ አይሱዙ ላይ ኩንታል እያወጣ ነበር። ፖሊሶቹን ሲያይ ኩንታሉን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለሷ አትንገሯት» አለ። «አራት ወር ሆነኝ። ዞሬ እነግዳለሁ ነው የምላት። ሱቅ የነበረኝ ሰው በአማቶቼ አገር ጫኝ ሆንኩ ልበላት?»

የአማቱን ሞት አልሰማም ነበር። ሲነግሩት እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለ። ከዐሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ከሜዳው ንቅንቅ እንዳላለ ዘጠኝ ሰው መሰከረለት። አስፋው ከልቡ አፈረ፤ እጁን ዘርግቶ አነሣውና በባጃጅ ወደ ለቅሶ ቤቱ ላከው።

*

«እንግዲህ ወደ ሀሩን መመለሳችን ነው» አለ አስፋው። «ተራው መሆኑን ግን የውሃ ዳኛው መስክሯል። ከታች ጫፍ ከነበረ ደግሞ...»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል?» አለች ሰላማዊት። «ከጠዋት ጀምሮ ሲከነክነኝ ነው የዋለው። ያ ሽንኩርት አንገቱ ወድቋል።»

«እና?»

«እናማ ደርሷል ማለት ነው! በዚህ ሳምንት የሚነቀል ነው። የደረሰ ሽንኩርት ውሃ አይጠጣም። ካጠጡት ይበሰብሳል፤ ነጋዴም ዞር ብሎ አያየው። አንገቱ ሲወድቅ ገበሬ ተራው ቢደርስ እንኳ ለጎረቤቱ ይለቃል። የአምስት ወር ልፋቱን በአንድ ጠዋት የሚያበላሽ ገበሬ በዚህ አገር የለም፤ እብድ ካልሆነ።»

አስፋው ቆሞ አያት። «ከጠዋት ጀምሮ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አለቃዬ ሲጠይቅ አላቋርጥም ብዬ ነዋ» አለች። «ደግሞ ደጋ ያደገ ሰው ሽንኩርትን የሚያውቀው ወጥ ውስጥ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ሀሩን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቢያ መጣ። አስፋው በአንዲት ጥያቄ ጀመረ።

«ሀሩን፣ አንገቱ የወደቀ ሽንኩርት ለምን አጠጣህ?»

ሀሩን እንደ ደከመው ሰው ትከሻው ወረደ። «እኔ ነኝ» አለ። «ስለ መሬቱ ተጣላን። ገፋሁት። ዱካውን ላጥፋ ብዬ ነው ውሃ የለቀቅኩት።»

«ወረቀቱስ?»

«ቦዩ ውስጥ ጣልኩት። ውሃ ወሰደው።»

ቃሉ ተጻፈ፤ ተነበበለት፤ ፈረመ። አስፋው ወረቀቱን ይዞ ቢሮው ገባ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ጉዳዩ በአንድ ቀን አለቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኼ ግን ሳያድር ጠራ። ቁራጯን ከመዝገቡ ጋር ሊያያይዝ መሳቢያውን ከፈተ። ፖስታውን ገልብጦ ቁራጯን ከሀሩን ቃል አጠገብ አስቀመጣት።

ትልቅ ቀለበት፤ ከሥሩ ሁለት ሰረዝ።

ሀሩን ቃሉ ላይ የፈረመው ፊርማና ከሟቹ ጭብጥ የወጣው ፊርማ አንድ ነበሩ።

አስፋው ወዲያው አቤል ዘንድ ደወለ። «ያ ስጦታ ላይ ከምስክሮቹ ሌላ የፈረመ ሰው ነበር?»

«ልጃቸው ሀሩን ነዋ!» አለ አቤል። «ኋላ ክርክር እንዳይነሣ ወንድምየው ቢስማማ ይሻላል ብያቸው፣ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጥቶ ‹ተስማምቻለሁ› ብሎ ፈረመ። እንዲያውም ‹አምና እህቴን ክፉ ተናግሬያታለሁ› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰው!»

«ምስክሮች አሉኝ እንጂ ሌላ ማን ፈረመ መች አሉኝ!»

አስፋው ስልኩን ዘጋና በጡጫው ጠረጴዛውን መታ። ቁራጯ ከጠዋት ጀምሮ እጁ ላይ ነበረች። ለአቤል ብቻ አሳይቷት ቢሆን!

በሩ ላይ ጋሽ ሙሀባ ቆመዋል፤ ጀናዛው መቼ እንደሚመለስ ሊጠይቁ ነው የመጡት። አስፋው አስቀመጣቸው። «ጋሽ ሙሀባ፣ ሀሩን አባቴን እኔ ነኝ የገፋሁት ብሏል። ወረቀቱንም ቦዩ ውስጥ ጣልኩት አለ።»

«ቢስሚላህ ያለበትን?»

«ማን ነገረዎት?»

«ቃሲም ያለ ቢስሚላህ ምን ያደርግ ነበርና!» አሉ ሽማግሌው። «ወዲያ በል ኢንስፔክተር። የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት ጭቃ ውሃ ውስጥ የሚጥል የኛ ሰው የለም። ወንበዴም ቢሆን አይጥልም። ቢያረጅ እንቀብረዋለን፤ እስኪቀበር ደግሞ ከሰው ራስ በላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንሰካዋለን። ልጁ ዋሽቶሃል።»

መዋሸቱንማ አስፋውም አውቆታል። ያልተወው ጥያቄ ሌላ ነው። በስምምነት የፈረመ ሰው አባቱን አይገፋም። ሰው የዓመት ጉሮሮውን ለማን ብሎ ውሃ ይለቅበታል? ለራሱ አይደለም። ለናፊሳም አይደለም፤ እሷ ካራቆሬ ነበረች። ሚስቱ እናቷ ቤት ናት። ያን ጊዜ ያ የተከደነ ቁርስ ትዝ አለው። እማማ ሩቂያ የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው ብለዋል። ከጩኸቱ በኋላ ቤቱ በለቅሶ ሞልቷል። ታዲያ ያንን ቁርስ ማን መቼ ሠራው?

ባርኔጣውን አነሣ። ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደ።

*

ለቅሶኛው ለመግሪብ ሶላት ወጥቷል። እማማ ሩቂያ እዚያው ግድግዳው ሥር ናቸው፤ ሳህኑም እዚያው አለ። አስፋው መሬት ላይ፣ ከፊታቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ ሀሩን አባቴን ገደልኩ ብሎ ፈርሟል።»

ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ማን?»

«ሀሩን። ዛሬ ጠዋት ከቦዩ ወደዚህ ቤት የሚመጣ የሴት ጫማ ዱካ አይቶ ነው መሰለኝ። ሽንኩርቱን ሁሉ ውሃ ለቆበታል፤ ዱካው እንዲጠፋ።»

እማማ ሩቂያ ተነሡ። ወጋግራውና ጣሪያው በሚገናኙበት ላይ እጃቸውን ሰደዱና፣ በአሮጌ የቁርኣን ገጾች መሃል የተሰካ ሉክ ወረቀት አወጡ። ጥጉ ተቀዷል። ለአስፋው ሰጡትና ተቀመጡ።

«ላቃጥለው ምድጃው ዘንድ ሦስቴ ሄጄ ነበር» አሉ። «የአላህ ስም አለበት። አልቻልኩም።»

«ምን ሆነ፣ እማማ?»

«ከሶላት ሲመለስ ቦዩ ዳር ቆሞ ጠራኝ። ‹ነይ፣ ደስ የሚልሽን ነገር ላሳይሽ› አለኝ። ደስ ይላታል ብሎ እኮ ነው። ያቺ ሁለት ጥማድ የኔ ናት፤ ከአባቴ የደረሰችኝ። ካገባሁ በኋላ ወንድሞቼን ከስሼ ነው የወሰድኳት። ‹ከእናቷ የመጣችውን ለልጅቷ መለስኩላት› አለኝ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አመሳቀሉ።

«ሦስት ወንድም ነበረኝ። የተፈረደልኝ ቀን ሦስቱም ፊታቸውን አዞሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት! የመጀመሪያ ልጄን ወባ ሲገድልብኝ አንዳቸው አልመጡም። ቃሬዛውን የተሸከመው የሰው ወንድም ነው። መሬት አገኘሁ፤ አንድ ቀን ግን ጠግቤ በልቼባት አላውቅም። ልጄ እንዲህ እንድትሆን አልፈለግኩም። ሀሩን እንደ አጎቶቹ ነው የሚሆነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ተርባ ብትመጣ በሩን የሚከፍትላት ማን ነው? ‹አምጣ› ብዬ ያዝኩት። ‹ቆይ ልጨርስልሽ› አለኝ። ‹ምን ትጨርስልኛለህ› ብዬ ሳብኩት። ሲቀደድ ወደ ኋላ ሄደ።»

«ወደቁ።»

«ወደቀ። ግን ተነሥቶ ቁጭ አለ! በአላህ ስም፣ ቁጭ ብሎ አይቼዋለሁ። ‹ሂጂ ወደ ቤትሽ› አለኝ ተቆጥቶ። እኔም ተቆጥቼ ሄድኩ። የሚወደውን ቂንጬ ሠራሁለት። እንታረቃለን ብዬ። ሸፍኜ ጠበቅኩት።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ለአስፋው ያለው ይህንኑ ነው፤ ከተመታ በኋላ ጥቂት ቆይቷል፤ ደሙ ውስጥ ውስጡን ፈስሶ ነው የሞተው። አስፋው ወረቀቱን ዘረጋ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንደዚህ የከበደው የለም።

«እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«እኔ? ከየት አምጥቼ!»

«እንግዲያው ላንብብልዎ። ከታች፣ ከምስክሮቹ ቀጥሎ እንዲህ ይላል። ‹እኔ ሀሩን ቃሲም፣ አባቴ ለእህቴ ለናፊሳ የሰጧትን መሬት ወድጄና ፈቅጄ ተስማምቻለሁ፤ ለወደፊቱም አልጠይቃትም›። ፊርማው ደግሞ ይችው» አለና ከኪሱ ቁራጯን አውጥቶ ከተቀደደው ጥግ ጋር ገጠማት።

እማማ ሩቂያ ወደ ቁራጯ ጎንበስ አሉ። «ሀሩን ነው?»

«ሀሩን ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጎትተው።»

«ድገመው።»

ደገመው።

«ልጨርስልሽ ያለኝ ይኼንን ነው» አሉ እማማ ሩቂያ። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ቀኑን ሙሉ ያልመጣው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። «ልጨርስልሽ ያለኝ ይኼንን ነው! ወይ ነዶ! ምነው አንዴ ልጄን ጠይቄው ቢሆን! ልጄን ከወንድሞቼ ጋር ደመርኩት!»

በአስፋው ልብ ሌላ ነገር ይመላለስ ነበር። እሱም እህት አለችው፤ ፋናዬ። አባታቸው ሲሞቱ ‹ወንድሜ ቤት ይሥራበት› ብላ ድርሻዋን ለቃለታለች። ወንድሟን ላለማጣት። እማማ ሩቂያን ‹መሬቷን ለቃም ወንድሟን ያጣች ሴት አውቃለሁ› ሊላቸው ፈልጎ አፍሮ ተወው።

*

በማግስቱ ቅዳሜ ጀናዛው ተመለሰ፤ ጋሽ ሙሀባ ያቋረጡትን ጨርሰው ቃሲም ተቀበሩ። ቃሬዛውን ከፊት ሀሩንና ሙዐዊያ ተሸከሙት። ሀሩን ፖሊስ በማሳሳት ገና የሚጠየቅበት ነገር አለ፤ ለቀብሩ ግን አስፋው በራሱ ኃላፊነት ለቆታል።

ከቀብር መልስ አስፋው በቦዩ በኩል አለፈ። ያ ሁሉ ሽንኩርት በዚያው ቀን ካልተነቀለ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ፣ ሐዘን ላይ እያለ፣ ይነቅላል። ናፊሳ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከሀሩን ጎን ጎንበስ ብላለች። አይነጋገሩም። እሱ የነቀለውን እሷ ጭቃውን ታራግፋለች፤ ሙዐዊያ፣ አሁን ሚስቱ እያየችው፣ ኩንታሉን ይሸከማል።

እማማ ሩቂያ ጣቢያው ውስጥ፣ ሰላማዊት ያነጠፈችላቸው ምንጣፍ ላይ ሆነው ይጠብቁት ነበር።

«ተነጋገሩ?» አሉት ገና ሲገባ።

«አንድ ላይ ሽንኩርት እየነቀሉ ነው እማማ።»

«አንድ ላይ?»

«ጎን ለጎን።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ስለ ራሳቸው ጉዳይ ምንም አልጠየቁም።

አስፋው ቢሮው ገባ፤ በሩን ዘጋ። መዝገቡን ሊጽፍ ብዕር አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ስልኩን አውጥቶ የፋናዬን ቁጥር ፈለገ። መጨረሻ የደወለላት አጎታቸው ሲያርፉ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አክስታቸው ሲያርፉ።

ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«ሄሎ? አስፋው?» አለች እህቱ። «ወይኔ! ማን ሞተ?»

አስፋው መሐረቡን ከአንገቱ አውርዶ ዓይኑን ጠረገ።

«ማንም አልሞተም፣ ፋኒዬ» አላት በመጨረሻ። «ነገ ልመጣ ነው። ቤት ትኖሪያለሽ?»